አማልክቱን በየትኛው ልጓም እንግታ? ለተረት ጨዋታ አጫዋቾች የንጽጽር መመሪያ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ በአንዲት ጠባብ ሳሎን፣ ቅዳሜ ማታ አንድ ጥሩ ታሪክ በገዛ እጄ አቃጠልኩ። አምስት ተጫዋቾች ነበሩኝ። ገጸ ባሕርያቸው ገደል አፋፍ ላይ በሽፍቶች ተከበዋል፤ ከሽፍቶቹ አንዱ ፊቱን በነጠላ ሸፍኗል። ያ ሰው የአንዷ ተጫዋች የጠፋ ወንድም ነው። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ሦስት ሳምንት የለፋሁትም ነጠላው ለሚወርድበት ለዚያ ቅጽበት ነበር። የአምላክ አገልጋይ ሆኖ የሚጫወተው ልጅ «አምላኬን እጠራለሁ» አለና ዳይሱን ጣለ። አራት ወጣ። የገጸ ባሕርዩ ደረጃ አሥር ነው፤ ደንቡ ደግሞ አሥር ወይም ከዚያ በታች ከወጣ አምላኩ ይመጣል ይላል። እኔም የምሥራች እንደ ሰማ ሰው ሰማዩን ከፈትኩ፤ መብረቅ አወረድኩ፤ ሽፍቶቹን አንድ ሳላስቀር አመድ አደረግኳቸው። ወንድምየውንም ጭምር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ገና አንድ ጅብ ከጫካ ብቅ ሲል ከተጫዋቾቹ አንዱ ወደ ኋላው ተደግፎ «ለምን እንለፋለን? ይጥራልን እንጂ» አለ። ጨዋታው የታመመው ያን ጊዜ ነው። ሐኪሙን ስፈልግ የተማርኩትን ነው እዚህ የምጽፈው።

ለነገሩ እንግዳ ለሆነ አንባቢ፦ አንዱ አጫዋች ሆኖ ዓለሙን ይተርካል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው የሚያደርጉትን ይናገራሉ፤ ይሳካ አይሳካ የማይታወቀውን ነገር ዳይስ ይወስነዋል። የዚህ ጨዋታ በኩር የሚባለው ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። በእነዚህ የምናብ ዓለማት አማልክት እንደ አሸን ይፈላሉ፤ ጸሎትም ይሰማሉ። ጥያቄው መቼ፣ በምን ዋጋ፣ እስከ የት ድረስ ይሰማሉ የሚለው ነው።

ወደ ንጽጽሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር። ጎጃም ውስጥ «አማልክት» የሚል ቃል በሳሎን ጮክ ብሎ ሲነገር ጓዳ ያለ ሰው ጆሮውን ያቆማል። የቤተሰባችን የነፍስ አባት አንድ ቀን መጥተው ጠረጴዛውን አዩና ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ተረት መሆኑን አስረዳኋቸው። «እንግዲያው ስሙን ከእኛ አትውሰዱ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በጠረጴዛችን የመልአክ፣ የጻድቅ ወይም የታቦት ስም ተጠርቶ አያውቅም፤ «ካህን» የሚለውን እንኳን ትተን «አገልጋይ» እንላለን። ይህን ደንብ ለማንም እመክራለሁ። ከሽማግሌዎች ጋር ሰላም ያወርዳል፤ ተጫዋቹም የፈጠራውን አምላክ ሲሳደብ አይሳቀቅም።

በዕጣ የሚመጣ አምላክ

ከሁሉም የሚታወቀው ይህ ነው፤ እኔን ያቃጠለኝም ይኸው። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ደንብ አገልጋዩ አሥረኛ ደረጃ ሲደርስ አምላኩን መጥራት ይችላል። ከአንድ እስከ መቶ የሚያወጣ ዳይስ ይጥላል፤ የወጣው ቁጥር ከደረጃው ጋር እኩል ወይም ያነሰ ከሆነ አምላኩ ይደርሳል፤ የሚያደርገውን የሚወስነው አጫዋቹ ነው። ከተሳካ ለሰባት ቀን ዳግም መጥራት የለም። ካልተሳካ ግን ሌሊቱን አርፎ በማግሥቱ መሞከር ይቻላል። ሃያኛ ደረጃ ላይ ዕጣው ራሱ ይቀራል፤ በጠሩት ጊዜ ይመጣል።

ሒሳቡን ሥሩት። በአሥረኛ ደረጃ በአንድ ሙከራ የመሳካት ዕድሉ ከመቶ አሥር ነው፤ ትንሽ ይመስላል። በየቀኑ አንድ ጊዜ ሰባት ቀን የሞከረ አገልጋይ ግን ቢያንስ አንድ ጊዜ የመሰማት ዕድሉ ከመቶ 52 ይደርሳል። ሲወድቅ የሚከፍለው ነገር ስለሌለ የማይሞክርበት ምክንያት የለም። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። እናቴ ቡና እየቆላች ስታዳምጥ ቆይታ «አምላክ በዕጣ ይጠራል እንዴ?» ብላ የሳቀችው ሳቅ ብዙ ካነበብኩት ትችት የበለጠ ቦታውን መትቷል። የማይገመት አምላክና ዝም ብሎ የሚገለበጥ ሳንቲም ይለያያሉ። ዕጣው ሳንቲም ነው።

እ.ኤ.አ. በ2024 የታደሰው ደንብ ዕጣውን አስቀርቶታል። አሥረኛ ደረጃ የደረሰ አገልጋይ በሁለት ረጃጅም ዕረፍቶች መካከል አንድ ጊዜ፣ እስከ አምስተኛ እርከን ካሉት የአገልጋይ አስማቶች የፈለገውን ያለ ቁሳቁስ ይፈጽማል። አጫዋቹ ከጭንቀት ይገላገላል፤ ተጫዋቹም የሚያገኘውን ያውቃል። ነገር ግን ከአምስተኛው እርከን አስማቶች አንዱ ሙት ማስነሣት ነው። በተለመደው መንገድ 500 የወርቅ ሳንቲም የሚያወጣ አልማዝ ይጠይቅ ነበር፤ በዚህ በኩል በነፃ ይገኛል። በእናንተ ዓለም ሞት ክብደት እንዲኖረው ከፈለጋችሁ ይህን አንድ ቀዳዳ ድፈኑት።

ለአንድ ማታ ወይም ለሦስት አራት ማታ ጨዋታ የዕጣው አምላክ ይበቃል። ሳቅ ያመጣል፤ ማንም ደብተር አይይዝም። ዓመት ለሚዘልቅ ታሪክ ግን አትውሰዱት።

በዚሁ ረድፍ ሳልፍ አንድ ሌላ ዓይነት ልጥቀስና ልተወው። እ.ኤ.አ. በ1980 የታተመው የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የአማልክት መጽሐፍ ለእያንዳንዱ አምላክ እንደ ተራ ጭራቅ የጉዳት ነጥብ፣ ማለትም ተቀንሶ ሲያልቅ የሚሞትበት ቁጥር፣ ሰጥቶት ነበር፤ የግሪኩ ዜውስ 400 አለው። ገደቡ ቁጥር መሆኑ ነው። ቁጥር ያለው ነገር ደግሞ ይገደላል፤ ተጫዋቾች ከጸሎት ይልቅ መቀነስ ይጀምራሉ። አልወደውም።

ስለት

ሩንክዌስት የሚባለው ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1978 ሲወጣ ነገሩን በዋጋ አሰረው። ተራ ምእመን ከአንድ እስከ መቶ ዳይስ ይጥላል፤ ከነፍሱ ኃይል ጋር እኩል ወይም ያነሰ ከወጣ አምላኩ ይሰማዋል፤ የወጣው ቁጥር ግን ከዚያው ከነፍስ ኃይሉ ላይ ይቀነሳል። ኃይሉ 15 የሆነ ሰው 12 ቢወጣለት ከሞት ይተርፋል፤ የቀረችው ነፍስ ግን ሦስት ናት። ልክ 15 ቢወጣለት ጸሎቱ ይደርሳል፤ እርሱም ወደ አምላኩ ይሄዳል። ከፍ ያለ ማዕረግ ያላቸው በባለ አሥር ገጽ ዳይስ ስለሚጥሉ ብዙ ጊዜ ይሰማላቸዋል፤ ዋጋው ግን እነሱንም አይምርም።

ይህን ሳነብ ወዲያው የታየኝ ስለት ነው። በእኛ አገር የተቸገረ ሰው «ይህን ካደረግህልኝ ይህን አመጣለሁ» ይላል፤ ሰጪው ይሰጣል፤ ተሳዩ በዓሉ ሲደርስ ያገባል። ልዩነቱ በጊዜው ላይ ነው፤ ሩንክዌስት እዚያው ቆርጦ ይወስዳል፣ ስለት ግን ዕዳ ሆኖ ይከተላል። ለጨዋታ የሚጠቅመው ሁለተኛው ነው። ስለዚህ በእኛ ጠረጴዛ ተጫዋቹ የሚሳለውን ራሱ ጮክ ብሎ ይናገራል፤ በደብተር ይጻፋል፤ አምላኩ አስቀድሞ ይሰጣል። ስለቱ ቀላል ከሆነ፣ ማለትም ተጫዋቹ ሲናገረው ድምፁ ካልተለወጠ፣ አምላኩ አይሰማም። የምዳኘው በዚያች የድምፅ ለውጥ ነው። ሌላ መለኪያ አላገኘሁም።

እንጅባራ የተወለደ አንድ ተጫዋች አለን። ጥር 23 ለፈረሰኞቹ በዓል ወደ አገሩ ስለሚሄድ ያን ሳምንት ጨዋታ የለም። ገጸ ባሕርዩም እንደ እርሱ ፈረስ ወዳድ ነው፤ ለፈረሱ ስም አውጥቶለታል፤ ከራሱ ቁስል በፊት የፈረሱን ሰኮና ያያል። አንድ ማታ ጓደኞቹ በጎርፍ ሊወሰዱ ሲሉ ዳይስ ሳይነካ «ፈረሴን» አለ። ውኃው ጎደለ። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ፈረሱን እየሳበ ወደ ወንዙ ዳር ሲወርድ ሌላ ሰው አልተናገረም። እኔም አጫዋቹ የምለው አጥቼ «ፈረሱ ወደ ኋላ አላየም» ብቻ አልኩ።

የስለት ድክመቱ ድርድር ነው። አንዳንድ ተጫዋች ገበያ የወጣ ይመስለዋል፤ «ግማሹን ላሁን፣ ግማሹን ለኋላ» ይላል። ያን ጊዜ አምላኩን ዝም አሰኙት። ደብተር መያዝ የሚሰለቸው አጫዋችም ይህን ባይመርጥ ይሻላል፤ የተረሳ ስለት በጨዋታም ቢሆን የአጫዋቹን ስም ያጎድፋል።

በዕርቅ የታሰሩ

የእኔ ምርጫ ይህ ነው፤ ስለዚህ ሰፋ ባደርገው ይቅርታ።

ሩንክዌስት የሚጫወትበት ዓለም ግሎራንታ ይባላል። በዚያ አማልክት እርስ በርስ ተዋግተው ዓለሙን ሊያጠፉት ከደረሱ በኋላ አንድ ታላቅ ስምምነት አደረጉ። ጊዜ የሚባለው ነገር የጀመረው ያን ጊዜ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አማልክት እንደ ፈለጉ በምድር ላይ አይመላለሱም። የሚሠሩት በሚያመልኳቸው ሰዎች በኩል ነው። ገደቡ ከድካም የመጣ አይደለም፤ እያንዳንዱ አምላክ ተራራ መንቀል ይችላል፤ ያሰረው ቃሉ ነው።

ይህን ለጎጃም ልጅ ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። ደም የተቃቡ ሁለት ቤተ ዘመዶች አሉ እንበል። ሽማግሌዎች ወር ሁለት ወር ይመላለሳሉ፤ ካሣው ይነገራል፤ ከሁለቱም ወገን ዋስ ይጠራል፤ መሐላ ይፈጸማል። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሰዎች በአንድ ገበያ ይውላሉ። ጠመንጃቸው አልተወሰደም፤ ቂማቸውም ላይበርድ ይችላል። የያዛቸው መሐላውና ዋሶቹ ናቸው። አንዱ እጁን ቢያነሣ የሚፈርሰው የራሱ ቤት ብቻ አይሆንም፤ የዋሶቹም ፊት ይጠቁራል፤ የሌላው ወገን እጅም ይፈታል።

የእኔ ዓለም አማልክት እንዲህ ናቸው። ሰባት ነበሩ፤ ተዋጉ፤ ታረቁ። መሐላቸው አንድ መስመር ነው፦ ማንም አምላክ በሰዎች ጉዳይ በገዛ እጁ ቢገባ፣ ተቃራኒው ያንኑ ያህል የመግባት መብት ያገኛል። ተጫዋቾቹ አምላካቸውን መጥራት ይችላሉ፤ ዳይስ የለም፤ ሁልጊዜም ይመጣል። ነገር ግን በመጣ ቁጥር ባዶ የቡና ሲኒ ውስጥ አንድ ፍሬ ባቄላ እጥላለሁ። ሲኒው በጠረጴዛው መሐል ነው የሚቀመጠው። ባቄላው ለጠላታቸው አምላክ የሚከፈል ዕዳ ነው፤ መቼ እንደሚያስከፍለው አያውቁም።

ይህች ሲኒ ያደረገችውን ማንኛውም ደንብ አላደረገልኝም። በየትኛውም ሥርዓት ውስጥ የአምላክ ገደብ ለተጫዋቹ በዓይኑ ሊታየው ይገባል፤ አጫዋቹ በሆዱ የያዘው ገደብ ለተጫዋቹ አድልዎ ሆኖ ነው የሚታየው። አንዱ ተስፋ ቆርጦ «ልጥራ?» ሲል ሌሎቹ ወደ ሲኒው ያያሉ። «ሁለት አለብን» ትላለች አንዷ። ከዚያ ይከራከራሉ። ክርክሩ ራሱ ጨዋታ ነው።

ሌላም መንገድ አለ፤ ኤክሳንድሪያ በሚባለው ዓለም አማልክት ከጥፋቱ ጦርነት በኋላ ራሳቸውን ከመለኮታዊ በር ጀርባ ዘግተዋል፤ በአካል መሻገር አይችሉም። ቀለል ያለ ነው፤ ማብራሪያም አይጠይቅም። ግን የተዘጋ በር ግድግዳ ነው፤ መሐላ ይፈተናል፣ ይጣመማል፣ ይፈርሳል። አማልክት ተንኮለኛ ጠበቃ ሆነው የመሐላውን ቃል ሲተረጉሙ ማየት የምትወዱ ከሆነ መሐላውን ያዙ። አማልክቱን ከጨዋታው አርቃችሁ ስለ ሰዎች ብቻ ማውራት ከፈለጋችሁ በሩን ዝጉት።

የበላይ ያለባቸው

ፎርጎተን ሪልምስ በሚባለው ዓለም ከአማልክት ሁሉ በላይ አኦ የሚባል አለ። በዚያ ዓለም አቆጣጠር በ1358 የዕጣ ፈንታ ጽላቶች በተሰረቁ ጊዜ አኦ አማልክቱን ከሰማይ አውርዶ ሟች ሥጋ ለብሰው በምድር እንዲንከራተቱ ፈረደባቸው፤ ጥቂቶቹም ሞቱ።

የበላዩ ሲቀጣ ምን እንደሚወስድ ለማሰብ ከራሳችን ታሪክ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። አሁን የምኖርባት ከተማ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መቀመጫ ነበረች። በ1873 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ እጅ ንጉሥ ተባሉ። በዓመቱ፣ በግንቦት 1874 ዓ.ም.፣ ከሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጋር እምባቦ ላይ ገጠሙ፤ ተሸነፉ፤ ተማረኩም። ንጉሠ ነገሥቱ ያለ እርሳቸው ፈቃድ በመዋጋታቸው ሁለቱንም ቀጡ። ከተሸናፊው አገው ምድርን፣ ከአሸናፊው ወሎን ወሰዱ። ሁለቱም ንጉሥነታቸው አልተነካም፤ የጠበበው ግዛታቸው ነው።

ይህን ወደ ጨዋታ አምጡት። የእሳት አምላክ ያለ ፈቃድ ጣልቃ ከገባ የበላዩ አይገድለውም፤ ከግዛቱ አንድ ቁራሽ ይነጥቀዋል። ከነገ ጀምሮ የምድጃ እሳት የእርሱ አይደለም፤ አገልጋዮቹ የጦር ሜዳ እሳት ያነድዳሉ፣ ቤት ውስጥ ግን ክብሪት አይቀበላቸውም። ተጫዋቹ አምላኩ ለእርሱ ሲል ያጣውን በየቀኑ ያየዋል።

ጉዳቱ ሁሉም ነገር ወደ ዙፋን ችሎት መሄዱ ነው። ተጫዋቾች የበላይ እንዳለ ካወቁ ታችኞቹን ይንቃሉ፤ አቤቱታ ይዘው ላይኛው ደጅ መጥናት ይጀምራሉ። እኔ ብመርጠው የበላዩን ፊት የሌለው፣ መልስ የማይሰጥ፣ ፍርዱ ብቻ የሚታይ አደርገው ነበር። ሹመትና ሽረት፣ ተንኮልና አሉባልታ የሚወድ ጠረጴዛ ካላችሁ ይህ ለእናንተ ነው።

በመብል የሚኖሩና ወንዝ የማይሻገሩ

በዚያው በፎርጎተን ሪልምስ ከ1358ቱ መዓት በኋላ የአማልክት ኃይል በአምላኪዎቻቸው ብዛትና ጽናት የሚለካ ሆነ። አምላክ ከተረሳ ይጠወልጋል። በየዓመቱ ካልቀረበለት የማይሠራ ኃይል ለአካባቢያችንም እንግዳ ሐሳብ አይደለም፤ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ግሽ ዓባይ ሲደርስ አገዎቹ በምንጩ ዘንድ በየዓመቱ ከብት እንደሚሠዉ ጽፏል። ይህ ልጓም መንደር ማቅናትና ሒሳብ መያዝ ለሚወዱ ተጫዋቾች ይስማማል፤ ከእኛ መካከል የባንክ ሠራተኛው ብቻ ነው የወደደው። ለሌሎቻችን አምላኩ ለማኝ ሆኖ ታየን።

ወንዝ የማይሻገረው ግን ለጀማሪ አጫዋች የምመክረው የመጀመሪያው ነው። አምላኩ እስከ ወንዙ ድረስ ሙሉ አምላክ ነው፤ ከወንዙ ማዶ ስሙም አይታወቅም። ደንቡ በካርታው ላይ በአንድ መስመር ይጻፋል። የዓባይን በረሃ ያየ ሰው ደግሞ ማዶው ለምን ሌላ ዓለም እንደሆነ አይጠይቅም። ክረምት ሲገባ፣ ወንዙ ሲሞላ፣ ተጫዋቾቹ በተሳሳተው ዳር ቢቀሩስ? አንድ ሙሉ ወቅት የሚያጫውት ታሪክ ተገኘ ማለት ነው።

ዝም ያሉ፣ የሌሉም

እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ኤበሮን የሚባለው ዓለም አማልክቱን ከሰው ዓይን አርቋቸዋል፤ መኖራቸውን ማንም በእርግጠኝነት አያሳይም፤ አገልጋዮች ግን በእምነታቸው ብርታት ታምር ያደርጋሉ። እርስ በርሱ የሚጣላ እምነት ያላቸው ሁለት አገልጋዮች እኩል ይሳካላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ዳርክ ሰን የሚባለው ዓለም ደግሞ ከናካቴው አማልክት የሉትም፤ በበረሃው ከተሞች ኃይል የሚያድሉት ጠንቋይ ነገሥታት ናቸው፤ ሹሞቻቸውም ከእነሱ ይቀበላሉ።

በምሥጢርና በምርመራ ላይ ለቆመ ታሪክ ዝምታው ወደር የለውም፤ አምላክ መጥቶ ገዳዩን ቢጠቁም ምን ጨዋታ ቀረ? በጠረጴዛችሁ ዙሪያ ስለ አማልክት መጫወት የሚከብደው ሰው ካለም የዳርክ ሰን መንገድ ሁሉንም ያሳርፋል። ነገር ግን አገልጋይ ሆኖ ሊጫወት ለመጣው ሰው ገና ከመጀመሪያው ንገሩት። ስድስት ወር የጸለየ ተጫዋች መጨረሻ ላይ ሰማዩ ባዶ እንደነበር ሲሰማ የሚሰማውን አይቻለሁ። አጫዋቹ እኔ አልነበርኩም፤ ተጫዋቹ ግን እኔ ነበርኩ።

አምላኩ ሲናገር በቅኔ ይናገር

ከላይ ካሉት የትኛውንም ብትመርጡ አምላኩ አንድ ጊዜ መናገሩ አይቀርም። ብዙ አጫዋች እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ አምላኩን እንደ ቀበሌ ሊቀመንበር ያናግረዋል፤ «ወደ ሰሜን ሂዱ፣ ቁልፉ ከዋሻው ውስጥ ነው።» ይህ መመሪያ እንጂ ራእይ አይደለም። እኛ ደግሞ የቅኔ ቤቶቹ ዋሸራና ጎንጅ፣ ዲማም ባሉበት አገር ተቀምጠን ይህን ማድረጋችን ያሳፍራል። የእኔ አማልክት እውነቱን ብቻ ይናገራሉ፤ ግን በሰምና ወርቅ ብቻ። ይህም ገደብ ነው፤ መሐላው ግልጽ ቃል ከልክሏቸዋል።

አንድ ጊዜ ተጫዋቾቹ የመሻገሪያው ሹም ያስተናግዳቸው እንደሆነ አምላካቸውን ጠየቁ። መልሱ እንዲህ መጣ፦

ጠጅ ሞልቶ ከቤቱ፣ እንግዳ ስንመጣ፣
ጠላን የወንዙ ሹም በእጁ ይዞ ወጣ።

ሦስቱ ደስ አላቸው፤ ጠጁን ቢሰስትም ጠላ ይዞ የሚወጣ ሰው አይከፋም ብለው ዕቃቸውን መሸከፍ ጀመሩ። የባንክ ሠራተኛው ባንክ ከመግባቱ በፊት ጥቂት ዓመት ቅኔ ቤት የቆየ ነው። እርሳሱን አስቀመጠና «ጠላን» ብሎ ቆም አለ። «ሹሙ ጠላን እኮ ነው የሚለው። በእጁ የያዘውን ደግሞ አልነገረንም።» ሁለቱን ስንኝ ለመግጠም አንድ ሙሉ ከሰዓት ፈጅቶብኛል፤ ጥሩ ቅኔ ነው አልልም፤ መምህራኑ ቢሰሙት ይስቁብኛል። ለጠረጴዛ ግን በቃ። ስንኝ መግጠም የማይሆንላችሁ ከሆነ ሁለት ፍቺ ያለው አንድ ቃል ብቻ ፈልጉ፤ የቀረውን ዙሪያውን ተራ ንግግር አድርጉት።

ለየትኛው ጠረጴዛ የትኛው?

ተጫዋቾቻችሁ አዲስ ከሆኑና ጊዜያችሁ አጭር ከሆነ የወንዙን አምላክ ውሰዱ፤ ያልተጠበቀ ነገር ከወደዳችሁ ዕጣውን ጨምሩበት። ገጸ ባሕርያቸውን እንደ ልጅ የሚወዱ፣ ማልቀስም የማያፍሩ ሁለት ሦስት ሰዎች ካሏችሁ ስለት ይሁን። ከአራት በላይ ከሆናችሁና መከራከር ከወደዳችሁ ዕርቁን ከነሲኒው ውሰዱ፤ ስለት በብዙ ሰው መካከል ተራ ስለሚያስጠብቅ ያሰለቻል። ሁለቱን ማጣመርም ይቻላል፤ እኛ አሁን የምናደርገው እንደዚያ ነው። ተሳዩ የከበደ ስለት ካቀረበ ባቄላው አይጣልም፤ ዕዳውን ራሱ ከፍሏልና። ከሦስት በላይ ልጓም ግን አትደርቡ። ፈረሱ መሄድ ያቆማል።

ልጓሙን መሐል ላይ ስለ መለወጥ ደግሞ። እንደ እኔ ተሳስቶ የጀመረ ሰው «ከዛሬ ጀምሮ ደንቡ ተቀይሯል» ብሎ ማወጅ የለበትም፤ ተጫዋቾቹ የተቀጡ ይመስላቸዋል። ለውጡን በታሪኩ ውስጥ አምጡት። ከመብረቁ ማታ ሁለት ሳምንት በኋላ ተጫዋቾቹን አንድ ሽማግሌ አገኛቸውና በአማልክት መካከል ስለተደረገው ዕርቅ ነገራቸው። በገደሉ አፋፍ የወረደው መብረቅ ያን ዕርቅ እንደጣሰም ነገራቸው። የመጀመሪያዋን ባቄላ ሲኒው ውስጥ የጣልኳት ያን ማታ ነው። ከዚያ በፊት ሲኒ አልነበረም።

ስድስት ሳምንት አልነካኋትም። ባቄላዋ እዚያው ተቀምጣ ሁሉም ያዩዋት ነበር። በሰባተኛው ቅዳሜ መብራት ጠፍቶ በሻማ እየተጫወትን፣ ገጸ ባሕርያቱ በአንድ ባዶ ቤት እሳት አንድደው ሳለ፣ ባቄላዋን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኳት። ተቃራኒው አምላክ ዕዳውን አስከፈለ አልኩ፤ እናንተ በመብረቅ ከገደላችኋቸው አንዱን እርሱ አስነሥቷል። በሩ ተንኳኳ። ጠጉሩ አመድ የነካው፣ ፊቱን በነጠላ የሸፈነ ሰው ቆሟል።

ተጫዋቿ ዳይሷን ከእጇ አስቀመጠች። «ነጠላህን አውርድ» አለችው።